የዓርብ ወላሂ

አቃቂ በሰቃ
ሰኞ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሰዓዳ ሀይረዲን
ኩዌት

አሰላሙ ዓለይኩም ሰዒ፣

ደብዳቤ ስንጽፍልሽ ሁልጊዜ «እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ብለን ነው የምንጀምረው። አባ ሲያስጽፈኝም እንደዚያው፣ እኔ በራሴ ስጽፍም እንደዚያው። ዛሬ ግን ያቺን መስመር ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እሷን ዘልዬ ልጀምር። አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ማዳምሽ ያቺን የላይኛውን ፎቅ መስኮት ወንበር ላይ አቁማ ማስወልወሉን ተወች?

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ከሊል ነው። የዓመት ፈቃዱን ጨርሶ ረቡዕ ወደ ኩዌት ይበራል። ደብዳቤ አለኝ ስለው «ስልክ እያለ ምን ያስጽፍሻል፣ ሰው አግኝተሽ ነው እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። ምን እንደያዘ አያውቅም፣ እንዳትነግሪውም። ደግሞ እባክሽ ማድቤት ቆመሽ አታንብቢው። ክፍልሽ ግቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ቁጭ በይ። እጅሽ ላይ ሳህን አይኑር። ለምን እንደምልሽ ስትጨርሺው ይገባሻል።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ሥራ ይዣለሁ። በስልክ እማ ነግራሻለች፣ ግን እሷ «ፋብሪካ ገባች» ብላ ብቻ ስለምታልፈው እኔ ላብራራልሽ። ቃሊቲ ያለ የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ነው፤ አኩሪ አተርን ከበቆሎና ከስንዴ ጋር ቆልቶ ፈጭቶ ዱቄት የሚያወጣ። የእኔ ቦታ የጥራት ቁጥጥር ነው። ነጭ ጋዎን አለኝ፣ ኪሴ ላይ ስሜ ተጽፏል። የጭነት መኪና ሲገባ ከየጆንያው ናሙና እወስዳለሁ፣ እርጥበቱን እለካለሁ፣ ሻጋታ የነካውን እመልሳለሁ። በገባሁ በሳምንቱ ለአለቃዬ ለአደሴ ሐሳብ ይዤላት ሄድኩ፤ ለሳሪስ አቦ ዳቦ ቤቶች የአኩሪ አተር ዱቄት እየቀላቀልን ብናቀርብስ ብዬ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ዓሊያ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። አሁን ግን እርጥበቱን ለኪ፣ አገሪቱን ከሰዓት በኋላ ትለውጫታለሽ» አለችኝ። በር ላይ ያለው ዘበኛ አምባው ደግሞ ሳልፍ «ዶክተር አኩሪ ገባች» እያለ ያስቀኛል። ጠዋት ታክሲ ተጋፍቼ ስወርድ ያ የተቆላ አኩሪ አተር ሽታ ከመንገድ ይቀበለኛል። እወደው ነበር። አሁን ሲሸተኝ አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ይዤ ነው የምገባው።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ለመሸሽ ነው። በቃ ልናገረው።

ሰዒ፣ በ2001 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እማ ወራቤ ለዘመድ ሠርግ ሄዳ እዚያው ቆየች ያልንሽን ታስታውሺያለሽ? ስልክ አይሠራም፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል ያልንሽ። ወራቤ አልነበረችም። ሆስፒታል ነበረች። ግራ ጡቷን አውጥተውታል። ካንሰር ነበር።

ይህን ጽፌ ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ። አንቺም ተነሺና ጠጪ።

አልነግርሽም ያለው አባ ነው፣ ግን ለብቻው አልነበረም፤ ሁላችንም እሺ ብለናል። «ሰው ቤት ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ስትሰማ ማን ይይዛታል? በማን ትከሻ ታለቅሳለች?» ነበር ያለው። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እዚህ ሰፈር ከዓረብ አገር ለሚመጣ ሰው መርዶ እንኳን ቦሌ ላይ አይነገርም፤ ቤት ገብቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ጫማውን አውልቆ ነው። እማ ደግሞ ሐኪሙ በሽታውን የነገራት ዕለት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም። ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣን «ልጄ ሳህን በእጇ ይዛ ብትሰማውስ?» አለችን። «ሳህኑ ይወድቃል፣ ሴትየዋ ትጮህባታለች፣ ከዚያ ምን ያደርጓት ይሆን?» አለች። ለካ እኛ እሷን ስናስብ እሷ የምታስበው ያንቺን ሳህን ነው።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሄደ። መርፌውንም ጨረሰች። ያኔ ፀጉሯ ረገፈ፣ ሻሽ ስለምታደርግ የጎረቤት ሰው እንኳን አላወቀም። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ አንድ ነጭ ክኒን አዘዙላት፣ ታሞክሲፈን ይባላል፣ በየቀኑ አንድ፣ ለአምስት ዓመት። እንደገባኝ የእማ ዓይነቱ እብጠት የሚመገበው የሴትን ሆርሞን ነው፤ ይህ ክኒን በሩ ላይ ቆሞ ሆርሞኑን አላስገባም የሚል ነው። ችግሩ፣ ክኒኑ ወበቅ ይለቅባታል። ቁጭ ባለችበት ፊቷ ቲማቲም ይመስላል፣ ላቡ በአንገቷ ይወርዳል፣ ሱቅ ውስጥ ሰው እያስተናገደች በካርቶን ታራግባለች።

ያንን ወበቅ ነው በስልክ የነገረችሽ። ስለ ክኒኑ አልነገረችሽም፣ ስለ ጡቷ አልነገረችሽም፣ «ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ ነሳኝ» ብቻ ነው ያለችሽ። አንቺም የመሰለሽ ያው ሴት ሁሉ በዕድሜዋ የምታየው ሙቀት ነው። ማዳምሽ የምትውጠውን ጠይቀሽ፣ ፋርማሲ ሄደሽ ገዝተሽ፣ በሰው እጅ ላክሽ። አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። የሚያውቀውን የደበቀብሽ ሰው ባለበት የማያውቀው አይወቀስም።

ብልቃጡ አረንጓዴ ነው፣ የአኩሪ አተር ቅርንጫፍና የምትስቅ ሴት ያለበት። እማ ቡፌው ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ አስቀምጣዋለች፣ ለእንግዳ እንዲታይ። «ሰዓዳዬ የላከችልኝ» ትላለች፣ ሳይጠይቋት። እኔ በሐምሌ ተመርቄ ከግቢ ስመለስ ወበቁ ቀንሶላት አገኘኋት። ተደሰትኩ። አተር ነው፣ የእኔው አተር ነው፣ ብዬ አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ነው፣ የጋዎኔ ቁልፍ ተበጥሶ መርፌና ክር ስፈልግ ከአልጋዋ ሥር ያለውን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከፈትኩ። የሆስፒታሉ ክኒን ነበር፣ ከነማሸጊያው፣ እስከ አፉ ድረስ። ቀጠሮ ሳታጓድል እየሄደች፣ ተሰልፋ እየተቀበለች፣ አምጥታ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምትከተው።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«መድኃኒቴ ነዋ። አታውቂውም?»

«አልተነካም እኮ።»

«በፊት ተነክቷል። ሰዓዳ ያንን ከላከች ወዲህ ነው የተውኩት።»

«ለምን?»

«ሲስተሯ ምን ነበር ያለችን? 'ሳይነግሩኝ በላዩ ላይ ሌላ መድኃኒት እንዳይጨምሩ' አላለችም? አልጨመርኩም። አንዱን ያዝኩ፣ አንዱን ተውኩ።»

«የተውሽው ሐኪም ያዘዘልሽን እኮ ነው፣ እማ።»

«ታዲያ ያኛውን ብተውስ፣ ዓርብ ምን ልበላት?»

አልገባኝም ነበር። እየደጋገምኩ ስጠይቃት ነው የነገረችኝ። ሰዒ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስትደውዪ መጨረሻ ላይ የምትያትን ታውቂዋለሽ? «ክኒኑን እየዋጥሽ ነው?» ትያታለሽ። «እየዋጥኩ ነው» ትልሻለች። አንቺ ትስቂና «ወላሂ በይ» ትያታለሽ። እሷም «ወላሂ» ትላለች። ስልኩ ላውድ ላይ ስለሆነ እኔም አባም እንሰማለን፣ እንስቃለን። ማን ያስበዋል?

«በሽታዬን ለልጄ አልነገርኳትም» አለችኝ፣ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «ሠርግ ሄደች ያለው አባትሽ ነው፣ እሱ ከአላህ ጋር ይተሳሰብበታል። እኔ ዝም አልኩ እንጂ በአላህ ስም አልዋሸሁም። አሁን ዓይኔን በጨው አጥቤ ወላሂ ልበላት?»

«በቃ ተይው ብለሽ ንገሪያት።»

«'ለምን ተውሽው' ካለችኝስ? አንዱን ከመዘዝኩት ሁሉም ይመዘዛል። ደግሞ እኮ የሆስፒታሉ ያነደኛል፣ የልጄ ያበርደኛል። አንቺስ ብትሆኚ፣ እዚያ ፋብሪካሽ ለሕፃን የምታበይው ይሄንኑ አተር አይደል? ለሕፃን መድኃኒት፣ ለኔ መርዝ ነው?»

እኔ የተማርኩት ፕሮቲኑን ነው፣ እርጥበቱን ነው፣ ዘይቱን ነው። አተሩ በሆርሞን ላይ ስለሚያደርገው ነገር አንድ ክፍለ ጊዜ ተምረን ነበር፣ ፈተና ላይ አይመጣም ስላሉን ማንም አላጠናውም። ብልቃጡን በቦርሳዬ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። እማን የሚያያት ዶክተር በዛብህ ይባላል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ጽሑፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበው።

«አይሶፍላቮን» አለኝ። «ከአኩሪ አተር የሚወጣ ነው። የሴት ሆርሞን ይመስላል እንጂ አይደለም። የጓዳሽን በር ቁልፍ የሚመስል ሌላ ቁልፍ አስቢ። አንዳንዱን በር ገብቶ ይከፍተዋል፣ ግን በደካማው ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ቀዳዳውን ይዞ ዋናው ቁልፍ እንዳይገባ ያደርጋል።»

«ታዲያ ጥሩ ነው መጥፎ?» አልኩት።

«ለማን? ለጤነኛ ሴት ብዙም አያሰጋኝም። ሙቀቱንም ለአንዳንዷ ትንሽ ይቀንስላታል፣ ለአንዳንዷ ምንም አያደርግላትም። በምግብ መልክም አልፈራውም፤ እናትሽ የአኩሪ አተር ዱቄት ያለበት ዳቦ ብትበላ አልቆጣም። ይሄ ግን ምግብ አይደለም። ከብዙ ፍሬ አንዱን ነገር ብቻ ለይተው አውጥተው አጭቀውታል። የእናትሽ እብጠት ደግሞ ሆርሞን የሚወድ ዓይነት ነበር። በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት እንዲህ ያለውን እብጠት ያሳደገበት አለ፣ የታሞክሲፈንን ሥራ ያከሸፈበትም አለ።»

«በሰውስ?»

«በሰው አልተረጋገጠም። ይጎዳል ብዬ አልምልልሽም። አይጎዳም ብሎ የሚምልልሽም የለም። ስለማላውቅ ነው ለሷ የማልሰጣት።» ብልቃጡን መለሰልኝ። «ደግሞ ከዋጠችው ይልቅ ያልዋጠችው ነው የሚያስፈራኝ። ያንን ነጭ ክኒን ካቋረጠች ስንት ጊዜ ሆናት?»

ነገርኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ «ነገ አምጫት» አለኝ። ሰዒ፣ ሐኪም ሲቆጣ አያስፈራም። ሐኪም ሳይቆጣ «ነገ» ሲል ነው የሚያስፈራው።

ከመሄዴ በፊት፣ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ የእንቅርት ክኒን እንደሚወስዱ ትዝ ብሎኝ ጠየቅኩት፤ ምክንያቱም እማ ከብልቃጡ ላይ በወረቀት ጠቅልላ በረካ ይሁንሽ ብላ አካፍላቸዋለች። አኩሪ አተር የእንቅርቱን መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይይዘዋል፣ በደንብ አይሰርጽም አለኝ። በዚያው ወደሳቸው ቤት ሮጥኩ።

«እትዬ፣ እማ የሰጠችዎትን ክኒን ልቀበልዎት ነው የመጣሁት።»

«ውይ፣ ተጸጸተች እንዴ? የሰጡትን መቀበል ምን የሚሉት ነው?»

«እንደሱ አይደለም። ለእርስዎ አይሆንም ብሎኛል ሐኪሙ።»

«እንዴት አይሆንም? ጉልበቴን እኮ አሽሎኛል።»

«የጉልበት አይደለም እትዬ። የወር አበባ ሲቆም ለሚመጣው ሙቀት ነው።»

ትንሽ አሰቡና «የኔስ ከቆመ እንኳን ሙቀቱ፣ መኖሩም ተረስቶኛል» አሉ። «እኔ አተር ነው፣ ጾምም አይገድፍም ስትለኝ ነው የወደድኩት። ግን ጉልበቴ በእውነት ተሽሎኛል፣ ለዶክተሩ ንገሪው።» ከነወረቀቱ አስረከቡኝ። በር ላይ ደርሼ ሳለሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓሊያ፣ እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። አየሽ፣ እንደዚህ ነው የምንናገረው።

በማግሥቱ እማን ይዣት ሄድኩ። ዶክተሩ ጠባሳውን አየ፣ ቀኝ ጡቷን አየ፣ ከዚያ ግራ ብብቷ ሥር ጣቱ ቆመ። አንድ ጊዜ አልፎ ተመለሰ። እኔ የእማን ሻሽ ይዤ ነበር የቆምኩት። «እጅሽን ስጪኝ» አለኝና አስነካኝ። ጠንካራ ነገር ናት፣ ትንሽ። በየቀኑ ከጆንያ እየዘገንኩ በመዳፌ የማያት ፍሬ ታክላለች። ሰዒ፣ አኩሪ አተር ታክላለች።

በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ የሚመጣው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ዶክተሩ ምንም ላይሆን ይችላል ብሏል፤ የቁስል እጢ ሊሆን ይችላል፣ ብብት ውስጥ ብዙ ነገር ያብጣል ብሏል። በሽታው ተመልሶ ቢሆንስ፣ ያመጣው አረንጓዴው ካፕሱል ነው ወይ ስለው፣ ማንም ሊነግርሽ አይችልም አለኝ፤ ነጩን ክኒን በማቆሟም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም በደንብ ብታደርግም ሊመጣ ይችል ነበር አለኝ። እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ ግን እውነት ፍለጋ አልነበረም የሄድኩት፣ አንድ የምይዘው ነገር ፍለጋ ነው።

ለእማም ፊት ለፊት ነገራት። ያንን አረንጓዴውን ተዪ፣ ነጩን ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ሙቀቱን የሚቀንስ ሌላ ነገር አብረን እንፈልጋለን አላት። «እሺ» አለችው፣ አንገቷን ደፍታ። ታክሲ ውስጥም እሺ አለችኝ። ቤት ገብታ ነጩን ዋጠች። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከዚያ ዓርብ ደረሰ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ነበርኩ። አባ ከመስጊድ ተመለሰ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የምትደውዪበት ሰዓት ሲደርስ እማ ብድግ ብላ ወደ ቡፌው ስትሄድ አየኋት። ከአረንጓዴው አንድ አወጣች፣ ያለ ውሃ ዋጠች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ስልኩ ጮኸ። አንቺ «ወላሂ በይ» አልሽ። «ወላሂ» አለችሽ። እውነቷን ነው፣ ጉሮሮዋ ላይ ነበር ገና። ያን ቀን ነጩን አልዋጠችም፤ አይደባለቅም ብላ። ቅዳሜም ረሳሁት አለችኝ። ትናንትም ሆዴን አሞኛል አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮውን አየሁት፤ እንዳስቀመጥኩት ነው።

አባን ለመንኩት። እንንገራት፣ ሰዓዳ ልጅ አይደለችም አልኩት። ሱቁ ውስጥ የሳሙና ካርቶን እየደረደረ ነበር፣ ፊቱን ሳያዞር «ውጤቱ ይምጣ» አለኝ። «ምንም ካልሆነ ለምን እናስደነግጣታለን?»

«ከሆነስ?»

«ከሆነማ...» አለና የጀመረውን ካርቶን ትቶ ሌላ ካርቶን አነሳ። አባን ፈርቶ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት።

እማ ደግሞ ትናንት እጄን ያዘችና «በስልክ አልነግራትም፣ ወላሂ በይ» አለችኝ። አልኳት። ስለዚህ ይኸው በስልክ አልነገርኩሽም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወረቀት ግን አላነሳችም።

ሰዒ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ለሰው አልነገርኩም፣ ላንቺ ልንገርሽ። ላብራቶሪ ውስጥ ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩትን ረስቼ እንደገና አስቀምጣለሁ። ገላዬን ስታጠብ እጄ ሳላዘው ብብቴ ሥር ይሄዳል፣ እዚያ ደርሶ ይቆማል። ዶክተሩ ለሴት ልጆቿም ራስን መዳሰስ ደግ ነው፣ ጡታችሁን ለምዳችሁ እወቁ ብሏል። አንቺም ስትታጠቢ እይ። ሳሙናውን ይዘሽ፣ በጣቶችሽ ጠፍጣፋ፣ ቀስ ብለሽ። እህቴ ባሕር ማዶ ሆና ይህንን በደብዳቤ የማስተምራት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን የምለምንሽ ይህንን ነው። ከሊል ሐሙስ ያደርስልሻል። ሐሙስ ማታ አልቅሺ፣ የሚበቃሽን ያህል አልቅሺ። ዓርብ ግን ስትደውዪ ድምፅሽ ደህና ይሁን። እሷ ድምፅ ታውቃለች። ስለ ጡቷ እንዳትጠይቂያት። ወራቤን እንዳታነሺ። የምትያት እንዲህ ነው፦ «እማ፣ ያ አረንጓዴው ክኒን ይቅር። ማዳሜም ትታዋለች። ሐኪም የሚሰጥሽ መድኃኒት ካለ እሱን ብቻ ዋጪ።» «ማዳሜም ትታዋለች» የሚለው ውሸት ይሆንብሽ እንደሆነ እሱን ተዪው፣ የሚቀረው ይበቃል። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ሳቂና «ወላሂ በይ» በያት።

ካለች ትውጠዋለች። እኔ የተመረቅኩት፣ ሐኪሙ ሐኪም የሆነው፣ አባ አባ የሆነው አንቺ የያዝሽውን አንዲት ቃል አይተካም። ያስገባትም ያ ወላሂ ነው፣ የሚያወጣትም እሱ ነው።

ሌላ ብልቃጥ ገዝተሽ እንደሆነ አትላኪ። ለማንም ሴት ደግሞ አትስጪ፣ ሐኪሟን ሳትጠይቅ።

ነይ አላልኩሽም። ኮንትራትሽ ገና እንደሆነ አውቃለሁ፣ ፓስፖርትሽ ማዳምሽ እጅ እንዳለም አውቃለሁ። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ሰው ቤተሰብ ታሞበት ነው ቢል ይሰጡታል ወይስ አይሰጡም? ከሊል አንዷን ልጅ ሲሰጧት አይቻለሁ ብሎኛል። አባ የአረፋ በግ ዘንድሮ ገና ከአሁኑ ገዝቶ ጓሮ አስሮታል፣ ምን እንዳጣደፈው አልነገረንም። እማ ደግሞ ቅዳሜ ያንቺን ብርድ ልብስ አውጥታ አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣችው። «አቧራ ጠጥቶ ነው» አለች። አልጠጣም ነበር፣ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። ከመስኮቱ ላይ፣ ከእሳቱ ዳር፣ ከሴትየዋ ምላስ ይጠብቅሽ። ያቺን በእጄ ነክቼ የመጣኋትን ፍሬ ባዶ ያድርጋት። አሚን በይ፣ የሁለት ሰው አሚን ይሻላል።

እህትሽ፣
ዓሊያ

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል እማ ከሱቅ ገባች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ለሰዓዳ ነው፣ ከሊል ሊያደርስልኝ ነው አልኳት። ወረቀቶቹን በዓይኗ ለካቻቸው፤ ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። አጠገቤ ተቀመጠችና «ከኔም ጨምሪበት» አለችኝ።

«ምን ልበላት?»

«ሁላችንም ደህና ነን በያት። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም በያት። የላክሽልኝንም እየዋጥኩ ነው በያት።»

«ወላሂ ልበላት?»

የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። «እሱን ዓርብ ራሴ እላታለሁ» አለች።

እንዳለችኝ ጻፍኩት።